የሞግዚቶቹ ሱሪና ጉርድ ላይ የገባው የጎን ኪስ ለምን ተመለሰ?

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምድር ላይ ንግድ ቤት ተከራይታ ልብስ የምትሰፋ ጎረቤት አለችኝ። ስሟን አላነሳም፣ ሰፊዋ እያልኩ ልቀጥል። እዚሁ ሰፈር ያለ አንድ መዋለ ህፃናት ለሞግዚቶቹ ዩኒፎርም እንዲሆን ከመርካቶ ተሰፍቶ ያለቀ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪና ጉርድ ገዛ፣ 7 ሱሪ 4 ጉርድ፣ ባጠቃላይ 11 ልብስ፣ አንዱም ላይ እጅ የሚያስገባ ኪስ የለም። ሱሪዎቹ ከኋላ የኪስ ክዳን አላቸው፣ ክዳኑን ስታነሱት ግን ከስሩ ምንም የለም፣ ለማስመሰል የተሰፋ ነው።

ሞግዚት ደሞ ያለ ኪስ እንዴት ትስራ። የክፍል ቁልፍ አለ፣ ሶፍት አለ፣ ስልክ አለ፣ ወላጅ ሲደውል በሰዓቱ ካልተነሳ ጭቅጭቅ ነው። ቦርሳ አንግቶ ልጅ ማቀፍ አይሆንም፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት ከልጆቹ አንዱ ሽንት ቤት ይዞት ይገባል፣ ስለዚህ ብዙዎቹ ደረታቸው ውስጥ ነበር የሚሸጉጡት። ዳይሬክተሯ ይሄን አይታ ነው ልብሶቹን በፌስታል ይዛ ሰፊዋ ጋ የሄደችው። «እህቴ፣ ለሁሉም የጎን ኪስ አስገቢልኝ፣ ሰኞ ለብሰው ይገባሉ» አለች። ባንድ ልብስ 100 ብር ተስማሙ። ሰፊዋም ቀላል ስራ ነው ብላ ተቀበለች።

ሰኞ ለበሱ። ሳምንቱ ሳያልቅ ፌስታሉ ተመልሶ መጣ።

እኔ የገባሁበት እዚህ ጋ ነው። ከሰፈራችን ብዙም የማይርቀው ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሱሪ መስመር ላይ ሰርቼ ነበር፣ ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ታህሳስ ላይ ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ እድል፣ ከተሰረዘች በኋላ ትዕዛዝ እየሳሳ ሲሄድ ወጣሁ፣ አሁን ቤት ሆኜ ትናንሽ ስራ እሰራለሁ። ሰፊዋ «እስኪ ነይ እይልኝ፣ እኔ ምኑ እንደተበላሸ አልገባኝም» አለችኝ፣ ሄድኩ።

የመጣው ቅሬታ

መጀመሪያ ልብሶቹን ማንጠልጠያ ላይ ነው ያየኋቸው፣ እውነቱን ለመናገር ያምራሉ። ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው፣ ካውያው በደንብ አርፎበታል፣ የኪሱ አፍ ተከድኖ መስመሩ እንኳን አይታይም። እሷም ግራ የገባት ለዚህ ነበር፣ ልብሱ ጠረጴዛ ላይ ምንም ችግር የለበትም።

ሰው ሲለብሰው ነው ጉዱ። ሶስት ሞግዚቶች ምሳ ሰዓት ላይ መጡና እዚያው መጋረጃ ስር ለብሰው አሳዩን። ሱሪዎቹ ላይ የኪሱ አፍ ዳሌ ጋ ሲደርስ ከግራም ከቀኝም እንደ ጆሮ ተከፍቶ ይቆማል፣ በክፍተቱ ደሞ የውስጡ ነጭ ገበር ይታያል፣ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ላይ ነጭ ገበር ከሩቅ ነው የሚጠራው። አንዷ ስልኳን ከታ ስትራመድ ስልኩ ጭኗ ላይ ይወዛወዛል፣ የጎን ስፌቱንም ወደታች ይስበዋል። ሌላኛዋ የኪሱ አፍ ከታች የሚያልቅበት ቦታ ላይ ሁለት ሴንቲ ያህል ተቀዶባታል፣ ልጅ ልታነሳ ቁጢጥ ስትል ነው ጨርር ያለው አለች። ላስቲክ ወገብ ያላት ጉርድ የለበሰችው ትልቋ ሞግዚት ደሞ ነገሩን ባጭሩ ጨረሰችው፣ «አንቺ ልጅ፣ ስልክ ስከትበት ጉርዱ ይወርዳል፣ በአንድ እጄ ልጅ በአንድ እጄ ጉርድ ይዤ ነው የዋልኩት»። ሰፊዋም ትንሽ አፍራ «ይቅርታ እትዬ፣ አስተካክለዋለሁ» አለች።

ስልክ መውደቁም ነበረ። መዋለ ህፃናት ውስጥ ሞግዚቶቹም ከልጆቹ ጋር ስለሚቀመጡ ወንበሩ የልጅ ወንበር ነው፣ እዚያ ላይ ስትቀመጡ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል፣ ኪሱም ይጋደማል፣ የሚያንሸራትት ገበር ሲሆን ደሞ ስልኩ ራሱ መንገዱን አግኝቶ ይወጣል። አንድ ስክሪን በዚህ ተሰንጥቋል።

እንዴት ነበር የሰራችው

ሰፊዋ ያደረገችው አብዛኛው የሰፈር ሰፊ የሚያደርገውን ነው። የጎኑን ስፌት 15 ሴንቲ ያህል ተረተረች። ከቀሚስ ስራ የተረፈ የሚያብረቀርቅ ገበር ነበራት፣ እጇን ጨርቁ ላይ ዘርግታ ዙሪያውን በሳሙና ቁራጭ አሰመረችና ትንሽ አስፍታ ቆረጠች፣ ለአንድ ኪስ ሁለት ቅጠል፣ ለጥንድ አራት። አንዱን ቅጠል ከፊት በኩል ካለው የስፌት ትርፍ ጋር፣ ሌላውን ከኋላው ጋር ሰፋች፣ ዙሪያውን ዘጋች፣ ወደ ውስጥ ከተተች፣ በቃ። ባንድ ልብስ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅባት ነው። 100 ብሩም በዚህ ነው የተተመነው።

ከረጢቱ ታዲያ በምን ተያዘ? በጎን ስፌት ብቻ። ሌላ የሚይዘው ነገር የለም። ውስጥ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

ክብደቱን ለማየት ብዬ አጠገቧ ካለው የእህል ሱቅ ሚዛን ለመንን። አንዷ ሞግዚት ስልኳን ከነከቨሩ፣ የክፍል ቁልፎቿን፣ ለታክሲ የያዘችውን ሳንቲም አንድ ላይ አስቀመጠች፣ 340 ግራም። ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። ይሄ 340 ግራም ግን ቆሞ አይቀመጥም፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ይዘላል፣ የሚጎትተውም በቁመት የሄደውን የጎን ስፌት ነው፣ የጎን ስፌት ደሞ ሁለት ጨርቅ ከማያያዝ ውጪ ሸክም እንዲይዝ ተብሎ አይሰፋም። ሸክም የሚይዘው ወገቡ ነው። ወገቡ ድርብ ነው፣ ውስጡ ማጠንከሪያ አለው፣ ሰውነት ላይ የሚያርፈውም እሱ ነው። እንግዲህ ኪስ መሰቀል ያለበት ከወገብ ነው፣ ጎኑ እጅ መግቢያ በር ብቻ ነው። የዚህ ጉዳይ ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ፋብሪካ ውስጥ ይሄ ነገር ማንም ሳያስተምርሽ ይገባሻል፣ ምክንያቱም የስራው ቅደም ተከተል ራሱ ያስገድድሻል። ሱሪ መስመር ላይ ኪስ መጀመሪያ ነው የሚሰራው፣ የፊቱ ጨርቅ ገና ጠፍጣፋ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ እያለ። ከዛ የጎን ስፌት ይዘጋል፣ ከዛ የመሀሉ፣ ወገብ መጨረሻ ላይ ይመጣና የከረጢቱን የላይኛውን ጠርዝ ከሱሪው ጨርቅ ጋር አብሮ ይውጠዋል። ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ላይ ኪስ ስትጨምሪ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፣ ወገቡ ተዘግቷል፣ ብዙ ሰፊ ደሞ የተዘጋ ወገብ መፍታት ይሰለቸዋል፣ እውነትም ይሰለቻል፣ ትርተራው ከስፌቱ በላይ ጊዜ ይበላል። በ100 ብር ማን ይተረትራል?

(በነገራችን ላይ የሴት ልብስ ኪስ የማነሱ ነገር የኛ ብቻ አደለም። ዘ ፑዲንግ የሚባል የአሜሪካ ድረገፅ እ.ኤ.አ. በ2018 የ20 ብራንድ 80 ጂንስ ለክቶ የሴቶቹ የፊት ኪስ ከወንዶቹ በአማካይ 48 በመቶ ያጠረ፣ 6.5 በመቶ የጠበበ ሆኖ አግኝቶታል። እኛ ጋ የሚመጣው ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ጭራሽ ኪስ የሌለው ነው እንጂ ነገሩ አንድ ነው።)

አንድ ሱሪ ብቻ ፈተን እንይ

11ዱንም አንዴ ከመነካካት አንዱን እንጨርስ ተባባልን፣ የተቀደደውን መረጥን። መጀመሪያ የድሮው ኪስ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ከዛ ጨርቅ። የሚያንሸራትተው ገበር ቀርቶ ቴትሮን ገዛች፣ ፖሊስተርና ጥጥ የተቀላቀለበት ጨርቅ ነው፣ ጥቁር። ፖፕሊንም ይሆናል፣ ንፁህ ጥጥ ከሆነ ግን ሳይቆረጥ በፊት ውሃ ውስጥ ነክሮ አድርቆ መተኮስ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ መጀመሪያ ሲታጠብ ጥጡ ይሰበሰባል ሱሪው ፖሊስተር ስለሆነ አይሰበሰብም፣ ከዛ ኪሱ ጎኑን ወደላይ ይጨመድደዋል።

መጠኑን ከስልክ ተነስተን ነው ያወጣነው። የዛሬ ስልክ 16 ሴንቲ ከምናምን ይረዝማል፣ ወርዱ 7 ተኩል አካባቢ ነው። የኪሱ አፍ ከወገቡ ስር 5 ሴንቲ ወርዶ ይጀምራል፣ አፉ ራሱ 16 ሴንቲ፣ ከአፉ በታች ደሞ ከረጢቱ ሌላ 13 ሴንቲ ይወርዳል። የድሮው ከአፉ በታች 5 ሴንቲ ብቻ ነበር፣ ስልኩ የሚወድቀው ለዚህ ነው፣ ግማሹ ሁሌም አፉ ላይ ነበር። የከረጢቱ ወርድ 16። ከላይ ደሞ እስከ ወገቡ ድረስ ይወጣል፣ 1 ሴንቲ ወገቡ ውስጥ ሚገባ ትርፍ ይኖረዋል። ስለዚህ የከረጢቱ ጠቅላላ ቁመት 35 ሴንቲ ሆነ፣ ከድሮው ጋር ስታስተያዩት በጣም ትልቅ ነው፣ ልብሱ ውስጥ ግን አይታወቅም፣ ምክንያቱም ሆድ በኩል ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል።

ሰማያዊ ቁራጭ ፍለጋ ትንሽ አስቸገረን። ከኋላ ያለው ቅጠል ላይ፣ አፉ ሲከፈት በሚታየው ቦታ፣ 5 ሴንቲ ወርድ ያለው የሱሪው ራሱ ጨርቅ መለበጥ አለበት፣ ያኔ አፉ ቢከፈትም ሰማያዊ ነው የሚታየው። መርካቶ ሄዶ አንድ አይነት ቀለም ማግኘት ራስ ምታት ነው። ሰፊዋ ግን ከሱሪዎቹ ውስጥ አራቱን እግራቸውን ስታሳጥር የቆረጠችው ቁራጭ ጠረጴዛዋ ስር በፌስታል ነበር፣ ልጁ (ተለማማጇ) ሊጥለው ሲል ከልክላው ነው የተረፈው። እሱ ለሁሉም በቃ። ከዛ ቀን ጀምሮ የማሳጠሪያ ቁራጭ እዚያ ቤት አይጣልም።

አሁን ወደ አፉ። የሱሪ ጎን ዳሌ ጋ ይጎብጣል፣ ሲጎብጥ ጨርቁ በቁመቱ ሳይሆን ትንሽ በሰያፍ ነው የሚቆረጠው፣ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ደሞ ይለጠጣል። እጅ በገባ በወጣ ቁጥር አፉ ይረዝማል፣ የረዘመው ደሞ የት ይሄዳል፣ ወደ ውጪ ይከፈታል። መድሀኒቱ ጥብጣብ ነው፣ የማይለጠጥ ቀጭን የጥጥ ጥብጣብ፣ ከአፉ ርዝመት 2 ወይም 3 ሚሊ አጠር ተደርጎ ይቆረጥና የፊተኛው ጠርዝ ላይ ይሰፋል። ጥብጣቡ ትንሽ አጠር ስላለ አፉን ወደ ሰውነት ይሰበስበዋል። ይሄን ስናደርግ ሰፊዋ ከጥብጣቡ ጋር ታግላለች፣ ጨርቁን ትንሽ ትንሽ እያስጠጋች ካልሰፋችው ይሸበሸባል፣ ሁለቴ ፈታችው። ሶስተኛው ላይ ጫፍና ጫፉን መሀሉንም በስፒል ወግታ ሰፋችው፣ ገጠመ።

ከዛ የፊተኛው ቅጠል። ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ የስፌት ትርፉ 1 ሴንቲ ብቻ ነው፣ ስለዚህ የጎኑ ስፌት መስመር 1 ሴንቲ ላይ ከሆነ ከረጢቱን 7 ሚሊ ላይ ነው ምትሰፊው። 3 ሚሊዋ ልዩነት ከረጢቱ ወደ ውስጥ እንዲገለበጥና ከውጪ እንዳይታይ ነው የምትረዳው። መጀመሪያ ላይ ሰፊዋ ሁለቱንም አንድ መስመር ላይ ስለሰፋቻቸው ነው ገበሩ ብቅ ሲል የነበረው። ከተሰፋ በኋላ ትርፉን ወደ ከረጢቱ አጥፎ ከታጠፈበት 2 ሚሊ ገባ ብሎ አንድ መስመር በከረጢቱ ላይ መስደድ፣ ከውጪ አይታይም፣ ጠርዙ ግን በካውያ ብቻ ከሚያዘው በላይ ተይዞ ይቀራል። መርፌው ቁጥር 90 ነበር፣ የስፌቱ ርቀት 2 ተኩል ሚሊ፣ ሱሪው ጋባርዲን ስለሆነ ይሄ በቂ ነው።

እዚህ ላይ መብራት ሄደ። መኪናዋ የእግር ሲንጀር ስለሆነች አልቆምንም፣ የጨርቅ ጠርዝ የሚቋጨው መኪና፣ ኦቨርሎኩ፣ ግን ቆመ። የከረጢቱን ዙሪያ ታዲያ ሌላ መንገድ ሰራችው፣ መጀመሪያ በተቃራኒው ፊት በ5 ሚሊ ሰፋች፣ ገለበጠች፣ ከዛ ከውስጥ በ8 ሚሊ ደገመችው፣ ጥሬው ጠርዝ መሀል ተቀርቅሮ ቀረ። ከኦቨርሎክ ይልቅ ይሄኛው ጠነከረ እንደውም፣ ቁልፍ በሚይዝ ኪስ ላይ እኔ ይሄን ነው የምመርጠው። ካውያውም በከሰል።

ወገቡ መጨረሻ ላይ መጣ። ከውስጥ በኩል ከጎን ስፌቱ ወደ ፊት 16 ሴንቲ ያህል ተረተርን፣ የከረጢቱን የላይኛውን ጠርዝ፣ ሁለቱንም ቅጠል፣ ውስጥ ከተትን፣ ያው የድሮው የመርፌ ቀዳዳ መስመር ላይ መልሰን ሰፋነው። ከውጪ የተነካ አይመስልም። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ከረጢቱ ተወጥሮ እንዳይሰቀል ነው፣ ተወጥሮ ከተሰቀለ አፉን ወደላይ ይስበዋል፣ ለቀቅ ብሎም እንዳይንጠለጠል። ሰፊዋ ሱሪውን አቁማ አንጠልጥላ ከረጢቱ በራሱ ሲወርድ የት ጋ እንደሚደርስ በሳሙና ምልክት አደረገች፣ በምልክቱ ሰፋች። ጥሩ ዘዴ ነው፣ እኔ ፋብሪካ ውስጥ ይሄን አላየሁም፣ እዚያ ሁሉም በልክ ተቆርጦ ነው የሚመጣው።

የተቀደደው ጥግ ለብቻው ይነገር። ኪስ የሚቀደደው አፉ በሚጀምርበትና በሚያልቅበት ነጥብ ነው፣ እጅም ስልክም የሚገፋው እዚያ ነው፣ ቁጢጥ ስትሉ ደሞ ጨርቁ በሙሉ ወደዚያች ነጥብ ይሳባል። ጃኮብ ዴቪስ የሚባለው የሬኖ ኔቫዳ ልብስ ሰፊ ለእንጨት ቆራጭ ሱሪ ሲሰፋ የኪስ ጥግ ላይ የመዳብ ሚስማር የመታው ለዚሁ ነው፣ ከዛ ጨርቅ ከሚሸጥለት ከሊቫይ ስትራውስ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በግንቦት 20፣ 1873 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገቡት፣ ዛሬም ጂንስ ላይ የምታዩዋት ትንሿ ቢጫ ብረት እሷ ናት። የኛ ሰፊ ሚስማር የላትም፣ መኪናዋም ቀጥ ብቻ ነው የምትሰፋው፣ ስለዚህ ከላይም ከታችም 1 ሴንቲ በምትሆን ቦታ ላይ ወደፊት ወደኋላ አምስት ጊዜ ተመላለሰችበት፣ ከውስጥ ደሞ ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ ደግፋበት። ክሩ አንዱ ላይ አንዱ ተደራርቦ ጠነከረ። የተቀደደው ቦታም በዚያው ተሸፈነ።

ለበሰችው። የልጅ ወንበር ከመዋለ ህፃናቱ አስመጥተን ስልክና ቁልፍ ከታ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ቁጢጥ አለች፣ የሰፊዋን የሶስት አመት ልጅ አቅፋ ዞረች። ስልኩ ኪሷ ውስጥ ነው፣ አፉ ተገጥሟል። «አሁን ይሄ ኪስ ነው!» አለች፣ ሌሎቹ «የኔን መጀመሪያ፣ የኔን መጀመሪያ» ማለት ጀመሩ።

ሁሉም ላይ ግን አይሰራም

ከሰባቱ ሱሪ ስድስቱ በዚህ ተሰሩ። ሰባተኛው ላይ ምንም ብናደርግ አፉ አልዘጋም፣ ምክንያቱ ኪሱ አደለም፣ ሱሪው ባለቤቷን ዳሌዋ ላይ ወጥሮ ይዟታል። ሰውነት ጨርቁን ከወጠረው የጎን ኪስ መከፈቱ የግድ ነው፣ ጥብጣብም ወገብም አያድነውም። ሰፊዋ ደፍራ ነገረቻት፣ «የኔ እመቤት፣ ይሄ ሱሪ ኪስ አይችልም፣ ዝም ብዬ ገንዘብሽን አልበላም»። ጎኑ መልሶ ተዘጋ።

ጋባርዲን የሆኑት ሁለቱ ጉርዶች ዚፓቸው በግራ ጎን ነው፣ ዚፕ ያለበት ስፌት ላይ ደሞ ኪስ ከየት ይገባል። ከኋላ ስንጥቅ ስላላቸው መሀል ላይ ስፌት አለ፣ ዚፑን ወደዚያ ማዞር ይቻል ነበር፣ ወገቡን ከኋላ ቆርጦ መክፈት ይጠይቃል፣ ዳይሬክተሯ በዋጋው አልተስማማችም። ስለዚህ በቀኝ በኩል ብቻ አንድ አንድ ኪስ። ሰፊዋ ስልክ አንድ ጎን ብቻ ሲሆን ጉርዱ ይዞራል ብላ ፈርታ ነበር፣ ወገቡ ልክ የሆነላት አንዷ ላይ አልዞረም፣ ወገቧ የሰፋባት ሁለተኛዋ ላይ ግን ትንሽ ይዞራል፣ የወገቡን ቁልፍ ወደ ውስጥ አንድ ሴንቲ አስገብተን ተሻለው።

የቀሩት ሁለቱ ላስቲክ ወገብ ናቸው። እዚህ ጋ ያ ከወገብ ስቀሉት ያልኩት ነገር ራሱ አይሰራም፣ ምክንያቱም የሚሰቀልበት ወገብ ራሱ የሚለጠጥ ነው፣ 340 ግራም ጨመርሽበት ማለት ይዘሽው ወረድሽ ማለት ነው። ላስቲኩን ጠበቅ እናድርገው ብለን ሞከርን፣ ትልቋ ሞግዚት ሆዴን ቆረጠኝ አለች። ከዛ እሷ ራሷ ናት ሀሳቡን ያመጣችው፣ «እናቴ ገንዘቧን መቀነቷ ውስጥ ነበር የምትይዘው፣ ቀሚሷ ላይ ምንም አልነበረም» ብላ። እውነት ነው እኮ። ብዙ እናቶች ዛሬም ብር ነጠላ ጫፍ ላይ ይቋጥራሉ ወይ መቀነት ውስጥ ይሸጉጣሉ፣ ክብደቱ ከልብሱ ላይ አያርፍም። የአውሮፓ ሴቶችም ከ17ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ኪሳቸው ልብሱ ላይ አልተሰፋም ነበር፣ ለብቻው የተሰፋ ከረጢት በጥብጣብ ወገባቸው ላይ አስረው ከላይ ቀሚሱን ይለብሳሉ፣ ቀሚሱ ጎን ላይ ባለው ክፍት እጃቸውን ያስገባሉ።

ያንኑ ሰራነው። የጉርዱ ጎን ላይ 17 ሴንቲ ክፍት ተተወ፣ ጠርዙ ታጥፎ ጥብጣብ ተደግፎበት፣ ጥጎቹ ተጠናክረው። ከረጢቶቹ ግራና ቀኝ ለብቻ ተሰፉና አንድ ሰፋ ያለ የጥጥ ጥብጣብ ላይ ተያያዙ፣ ጥብጣቡ ከጉርዱ ስር ወገብ ላይ ይታሰራል። ጉርዱ ምንም አይሸከምም። የሚታየው ክፍተት ብቻ ነው፣ ከስሩም ከረጢቱ ሰማያዊ ለብሷል። ትርፍ ጥቅሙ ጉርዱ ሲታጠብ ኪሱ ተፈቶ ይቀራል፣ ሁለት ጉርድ ላላት ሴት አንድ ኪስ ይበቃታል። ትልቋ ሞግዚት መጀመሪያ ቀን ሶፍት ሞልታ ወደ ቤት ሄደች፣ የቀረችው ደሞ ማሰሪያው እየላላ አስቸገራት፣ ጥብጣቡ ጫፍ ላይ ቁልፍ ተተከለበትና ተስተካከለ።

ሂሳቡ

ይሄ ክፍል ትንሽ ሞቅ ያለ ነበር። ዳይሬክተሯ «ስራው ተበላሽቶ ነው የተመለሰው፣ እንደገና አልከፍልም» አለች። ሰፊዋ «የተከፈለኝ ለሌላ ስራ ነው፣ ይሄኛው ወገብ ተፈቶ ነው የሚሰራው» አለች። ሁለቱም እውነት አላቸው፣ እኔን ካላችሁኝ ግን ወደ ዳይሬክተሯ አደላለሁ፣ ሰው ኪስ ሲያዝ ስልክ የሚይዝ ኪስ ነው ያዘዘው። መጨረሻ ላይ ዳይሬክተሯ የቴትሮኑን የጥብጣቡንና የክሩን ከፈለች፣ ጉልበቱን ሰፊዋ ቻለችው፣ ለተዘጋው ሱሪ 100 ብሩ በቴሌብር ተመለሰ። ስክሪኑ የተሰነጠቀው ስልክ ላይ ማንም ማንንም አልጠየቀም።

ከዛ በኋላ ሰፊዋ ዋጋዋን ለየች። ተሰፍቶ ያለቀ ሱሪ ላይ ወገብ ተፈቶ የሚገባ ጥንድ ኪስ 250 ብር፣ ከመጀመሪያው እሷ ጋ በሚሰፋ ሱሪ ላይ ግን ከስፌቱ ዋጋ ውጪ ምንም አትጨምርም፣ ጠፍጣፋ ጨርቅ ላይ ስለሚሰራ ጊዜ አይወስድባትም። ሰው መጀመሪያ 250 ሲሰማ «ለኪስ?» ይላል፣ እሷም አሮጌውን ኪስና አዲሱን ጎን ለጎን ታሳያለች፣ የመጀመሪያውን አንዱን ለዚህ ብላ አስቀምጣዋለች። ልብስ ስትቀበል ደሞ አሁን ሶስት ነገር ታያለች፣ ለባሿ ለብሳው ዳሌ ላይ በሁለት ጣት የሚያዝ ጨርቅ አለው ወይ፣ ዚፑ የት ነው፣ ወገቡ ላስቲክ ነው ወይ። ፌስታል ብቻ ይዞ ለመጣ ሰው «ባለቤቷ ትምጣ» ትላለች።

ከሳምንታት በኋላ ሄጄ አየሁዋቸው። ስድስቱ ሱሪ ደህና ናቸው፣ አንዱ ላይ ብቻ የወገቡ ውስጥ ስፌት 2 ሴንቲ ያህል ተለቋል፣ አሮጌው የመርፌ ቀዳዳ ላይ ስለተሰፋ ጨርቁ ሳስቷል መሰለኝ፣ 1 ሚሊ ዝቅ ተብሎ ተሰፋ። የሰባተኛዋ ሱሪ ጉዳይ አላለቀም። ባለቤቷ ጭን ላይ ከውጪ የሚለጠፍ ክዳን ያለው ኪስ ይሁንልኝ ትላለች፣ ለጠባብ ሱሪ እውነትም የሚሆነው እሱ ነው፣ ዳይሬክተሯ ደሞ ዩኒፎርም አንድ አይነት መሆን አለበት ብላ ይዛዋለች። ሰፊዋ ቁራጩን ቆርጣ አዘጋጅታለች፣ እሺ እስክትባል እየጠበቀች ነው።